ግማሽ ራስ የሚፈልጠው ሕመም እና የሪህ እንክብል

ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቻግኒ ወይም ቲሊሊ ያደጋችሁ ልጆች «ራሴን ፈለጠኝ» ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? እናት ከገበያ ስትመለስ ትለዋለች። ተማሪ ለፈተና ሲያነብ አድሮ ጠዋት ይለዋል። ሁሉም ይለዋል። ግን ቃሉን አንዴ ልብ በሉት። የሚፈለጠው እንጨት ነው፤ እንጨት ሲፈለጥ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ራስስ? ግማሹ እያመመ ግማሹ ደህና ሊሆን ይችላል?

አዎ፣ ይችላል። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ እንዲህ ስላለ አንድ ብርቅ ሕመም ነው። ሕመሙ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ቀኝ ከሆነ ቀኝ፣ ግራ ከሆነ ግራ። እንደ ሌላው ራስ ምታት መጥቶ አይሄድም። ቀን ከሌት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አብሮ ይኖራል። ለስለስ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ይብሳል። ሲብስ በዚያው ወገን ያለው ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፤ አፍንጫው ይታፈናል፤ የዓይኑ ቆብ ወረድ ይላል። «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለኛል» የሚሉም አሉ። የሕክምና ስሙ ሄሚክራኒያ ኮንቲንዋ ነው፤ «የማያቋርጥ የግማሽ ራስ ሕመም» እንደማለት። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይበዛባቸዋል።

ይህን ሕመም ሲቲ ስካን አያሳየውም። ሆስፒታል ውስጥ የሚነሳው ተራ ኤምአርአይም አያሳየውም፤ የደም ምርመራም የለውም። ግን መጀመሪያ ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ በተሠራ አንድ እንክብል ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። እንክብሉ በበቂ መጠን ተሰጥቶ ካልሠራ ደግሞ «ሕመሙ ሌላ ነው» ይባላል። መድኃኒቱ ራሱ ምርመራ ነው እኮ! በሕክምና ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙም አይገጥማችሁም። እንክብሉ እዚያ ደረጃ እንዴት እንደደረሰ ለማየት ትንሽ ወደኋላ እንሂድ።

መጀመሪያ ስሙ

አንድ ወገን ብቻ የሚያም ራስ ሕመም አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጋለን «ሄሚክራኒያ» ብሎ ጽፎለታል። «ሄሚ» ግማሽ ነው፣ «ክራኒዮን» የራስ ቅል። ይህ ቃል በላቲን በኩል አልፎ ፈረንሳይ ሲደርስ የፊተኛው ጫፉ ተቆርጦ «ሚግሬን» ሆነ። ዛሬ «ማይግሬን አለብኝ» የምትሉት ያው የጋለን ቃል ነው፤ መንገድ ላይ «ሄ»ውን ጥሎ መጥቷል። ዐረቦቹ ደግሞ «ሸቂቃ» አሉት፤ የቃሉ ሥር መሰንጠቅ፣ ለሁለት መክፈል ማለት ነው።

የኛስ? የብራና ክታብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር የሚሰፋና አንገት ላይ የሚንጠለጠል። በእነዚህ ክታቦች ውስጥ ከሚጠሩት ሕመሞች መካከል ደጋግሞ የሚመጣ ጥንድ ስም አለ፤ «ፍልጸት ወቍርጸት»። ቍርጸት የሆድ ቁርጠት ነው። ፍልጸት የራስ ፍልጠት ነው። የግዕዙ «ፈለጸ» አማርኛ ውስጥ ሲገባ «ፈለጠ» ሆኗል፤ «ጸ» ወደ «ጠ» ዞረች፣ በቃ። ስለዚህ እናታችሁ «ራሴን ፈለጠኝ» ስትል ደብተራው ብራና ላይ ያሰፈረውን ቃል ነው የምትደግመው። የድሮ የሐበሻ የሕክምና ጽሑፎችን ሰብስበው ካጠኑት ሰዎች አንዱ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒቶችና ዕፅዋት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ግሪኩ፣ ዐረቡና ግዕዙ የመሰንጠቅንና የግማሽን ነገር መጥቀሳቸው ደስ ይላል፤ ያም ሆኖ ሁሉም የዛሬውን ሄሚክራኒያ ኮንቲንዋ ያውቁት ነበር ማለት አይደለም። ከእነዚያ ሕመምተኞች የሚበዙት ማይግሬን የነበረባቸው ይመስለኛል። ማይግሬንም ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል፤ ግን ወገን ይቀያይራል፣ ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይለቃል፣ ሰውየውን ያቅለሸልሸዋል፣ ብርሃን ያስጠላዋል። አንድ ቃል ብዙ ሕመም ሊሸከም ይችላል። ብርቁን ከብዙው ለይቶ ለማውጣት ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መስማት ነበረበት።

ከጥያቄ ምልክት ጋር የታተመ ግኝት

ያ ሰው ኖርዌይ ውስጥ ተገኘ። ኦታር ሹስታድ ይባላል፤ የነርቭ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከባልደረባው ከኢንገ ዳለ ጋር ሆኖ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉ የሚያወራው በአንድ ወገን ስለሚመጣ፣ አጭር ግን በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ የራስ ሕመም ነበር። የጽሑፉ ርዕስ ላይ «አዲስ» ከሚለው ቃል አጠገብ በቅንፍ የጥያቄ ምልክት አስቀመጡ። «አዲስ ሕመም አገኘን» ለማለት ደፈሩ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልደፈሩም። እኔ ይህችን የጥያቄ ምልክት እወዳታለሁ። ዛሬ አንድ ነገር ሳያጣሩ «ተረጋገጠ!» የሚሉትን ስታዩ አስታውሷት።

ሕመምተኞቹን የረዳቸው ኢንዶሜታሲን የሚባል መድኃኒት ነው። ኢንዶሜታሲን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው የመርክ ኩባንያ ተሠርቶ የወጣ ሲሆን የታሰበው ላበጠና ለሚያም መገጣጠሚያ ነበር። ማንም ለራስ ምታት ብሎ አልሠራውም። በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ ግን እንደ መብራት ማጥፊያ ሆነ፤ ሲወስዱት ሕመሙ ይጠፋል፣ ሲያቆሙት ይመለሳል። የሚገርመው ደግሞ ዘመዶቹ አይሠሩም። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ሁሉም ከኢንዶሜታሲን ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ይህን ሕመም ግን እንደ እሱ ድራሹን አያጠፉትም። ለምን? ሳይንስ እስካሁን ሙሉ መልስ የለውም። ኢንዶሜታሲን ናይትሪክ ኦክሳይድ በሚባለው የሰውነት ኬሚካል ላይ ዘመዶቹ የሌላቸው ሥራ እንዳለው የሚጠቁሙ የቤተ ሙከራ ውጤቶች አሉ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ሹስታድ ከኤግበርት ስፒሪንግስ ጋር ሌላ ጽሑፍ አወጣ። የዚህኛው ሕመምተኞች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዲት የ63 ዓመት ሴትና አንድ የ53 ዓመት ሰው። የእነርሱ ሕመም እንደ በፊተኛው እየመጣ የሚሄድ ሳይሆን ጭራሽ የማይለቅ ነበር። ኢንዶሜታሲን ለእነርሱም ሠራ። ሄሚክራኒያ ኮንቲንዋ ስሙን ያገኘው ያኔ ነው። አስቡት፤ የሰው ልጅ ራሱን መታመም ከጀመረ ስንት ሺህ ዓመቱ ነው፣ ይህ ሕመም ግን ስም ያገኘው ወላጆቻችሁ ልጆች በነበሩበት ዘመን ነው።

ስም ማግኘት ደግሞ በመዝገብ ከመግባት ይለያል። ዓለም አቀፉ የራስ ሕመም ማኅበር በ1988 የመጀመሪያውን የራስ ሕመሞች ዝርዝር ሲያወጣ ሄሚክራኒያ ኮንቲንዋ የራሱ ቦታ አልተሰጠውም ነበር። የገባው በ2004 በወጣው ሁለተኛው ዝርዝር ነው፤ ያም ሆኖ «ሌሎች» ከሚባሉት ጋር ተደርቦ። በ2018 በወጣው በሦስተኛው ላይ ነው ዓይን ከሚያስለቅሱትና አፍንጫ ከሚያፍኑት ወንድሞቹ ጋር አንድ ቤት የገባው። (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይን ለምን ያለቅሳል?

ጠያቂ ልጅ ይህን ማለፍ የለበትም። የሚያመው ራስ ነው፤ ዓይንን ምን አገባው?

ፊታችሁን፣ ግንባራችሁን፣ ዓይናችሁንና ጥርሳችሁን የሚሰማላችሁ አንድ ትልቅ ነርቭ አለ፤ ትራይጀሚናል ይባላል። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ አለ። በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ቅርንጫፍ አለው። የሕመሙን መልእክት ወደ አንጎል ግንድ የሚወስደው እሱ ነው። እዚያ ደግሞ እንባና ንፍጥ ከሚያዝዙ ሌሎች ነርቮች ጋር ይጎራበታል። ሽንኩርት ስትልጡ ወይም በርበሬ ሲታጠን የምታለቅሱት በዚሁ መስመር ነው፤ ትራይጀሚናል «ተነካሁ» ይላል፣ ጎረቤቱ «በል እንባ አፍስስ» ይላል። በሄሚክራኒያ ኮንቲንዋ ሽንኩርትም በርበሬም የለም፤ መስመሩ ግን በአንድ ወገን ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ማን ከፈተው? በ2004 የታተመ አንድ ጥናት የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ልዩ ማንሻ ሕመምተኞቹን ተመለከተ። ሃይፖታላመስ በምትባለው፣ እንቅልፍንና የሰውነትን ሰዓት በምትቆጣጠረው ትንሽ የአንጎል ክፍል የኋለኛው ወገን ላይ፣ እንዲሁም አንጎል ግንድ ላይ እንቅስቃሴ ታየ። ይህ ለምርምር የሚደረግ ነገር ነው፤ ዳንግላም ሆነ ለንደን ውስጥ አንድ ሕመምተኛ በዚህ መንገድ አይመረመርም። የትም ቦታ ቢሆን ምርመራው ጥያቄና እንክብል ነው።

ቡታጅራ ላይ በር ያንኳኳው ጥናት

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ወደ አዊ ከመድረሳችን በፊት ግን በቡታጅራ በኩል እንለፍ፤ የኢትዮጵያ የራስ ሕመም ታሪክ በቁጥር የተጀመረው እዚያ ነውና።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የነርቭ ሐኪም ናቸው። በእኛ በአማራ ክልል ደምቢያና ፎገራ ሜዳ ላይ ጓያ በልተው እግራቸው የሰነፈባቸውን ሰዎች ያጠኑ እሳቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ቡታጅራ አካባቢ ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው 60,820 ሰዎችን ከቤት ቤት እየዞሩ የነርቭ ሕመም እንዳለባቸው ፈተሹ። ውጤቱ በ1990 ታተመ፤ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት የታወቀው ከዚያ ነው። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዘመን፣ በዚያ መንገድ፣ 60 ሺህ ሰው!

በ1995 ደግሞ በራስ ሕመም ላይ ያተኮረውን ጥናት አሳተሙ። አብረዋቸው ከሠሩት አንዱ ስዊድናዊው ካርል ኤክቦም ነበር። ኤክቦም ክላስተር የሚባለውን፣ ሰው በአንድ ዓይኑ ዙሪያ ሚስማር የተመታ ያህል የሚያሳብደውን ራስ ሕመም በማጥናት የታወቀ ሰው ነው፤ ሊቲየም የሚባለው መድኃኒት ለዚህ ሕመም እንደሚረዳ የጻፈው ልክ ሹስታድ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ባወጣበት በ1974 ነው። አባቱም የነርቭ ሐኪም ነበር፣ አባትየውም ስለዚሁ ሕመም ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ከቡታጅራ ገበሬዎች ጋር በተሠራ ጥናት ስሙ የሚገኘው።

ከ20 ዓመት በላይ የሆናቸው 15,500 ያህል ሰዎች ተጠየቁ። ማይግሬን 3 በመቶ፤ ጭንቅላትን እንደ ሻሽ ጥብቅ አድርጎ የሚይዘውና ሥር የሰደደው ራስ ምታት 1.7 በመቶ፤ ክላስተር ደግሞ ከ100,000 ሰው 32 ያህል። የመጨረሻው ቁጥር ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ለኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው። ብርቅ የሚባል የአንድ ወገን ራስ ሕመም ኢትዮጵያ ገጠር ውስጥ እንዳለ ተመዘገበ፤ ተፈልጎ፣ ተጠይቆ ተገኘ። «የፈረንጅ በሽታ ነው» ማለት ከዚያ በኋላ አይቻልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ግን ያስደነግጣል። በ2016 ፕሮፌሰር ረዳ ያሉበት ሌላ ቡድን ከከተማም ከገጠርም ከ2,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ ውጤቱን አሳተመ። ማይግሬን 17.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ! በ20 ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ራስ ስድስት እጥፍ ታመመ ማለት ነው? አይመስለኝም። በ1995 የተጠየቁት የገጠር ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የአጠያየቁ መንገድም ሌላ ነበር። በቡታጅራ የጠፉት ሰዎች ጤነኞች ሳይሆኑ በደንብ ያልተጠየቁ ይመስሉኛል። «በሽታ አለብህ?» ብላችሁ ገበሬን ብትጠይቁት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚላችሁ። «ባለፈው ወር ራስህን ስንት ቀን አመመህ?» ብትሉት ጣቱን ይቆጥራል።

በዚያው በ2016 ጥናት ውስጥ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሳቸውን የሚያማቸው 3.2 በመቶ ነበሩ። ሄሚክራኒያ ኮንቲንዋ ያለበት ሰው ቢኖር የሚወድቀው በዚህ ቅርጫት ውስጥ ነው። ቅርጫቱ ግን ከዚያ በላይ አልተበጠረም፤ የጥናቱም ሥራ እሱ አልነበረም።

አሁን አዊ ላይ

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ የፈጠርናት ነን። ቤቷ ዳንግላ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀኝ ወገኗን ያማታል፤ ቀኝ ብቻ። የቀኝ ዓይኗ ይቀላል።

መጀመሪያ እናቷ ዳማከሴ ጨምቀው ይቀቧታል፤ «ምች ነው»። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥረው ያሸቷታል። አያቷ «ጸበል ትጠመቅ» ይላሉ። ጎረቤት «ሳይነስ ነው» ትላለች። ሳይነስ! እኛ አገር ብርድ ባለበት ደጋ ሁሉ፣ በተለይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው እንጅባራ፣ ራሱን የታመመ ሰው ሁሉ ሳይነስ አለበት። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ እንዲያ እል ነበር፤ ማታ ማታ ሳነብ እንቅልፍ አጥቼ ነው እንጂ አፍንጫዬ ደህና ነበር። የልጅቷ አፍንጫ በአንድ ወገን ስለሚታፈን ደግሞ ሳይነስ የሚለው ግምት የበለጠ እውነት ይመስላል። ጥርሷን ያስነቀለችበትም ቀን ይመጣ ይሆናል፤ በዓለም ዙሪያ ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጤነኛ ጥርስ አስነቅለው፣ ለሳይነስ ታክመው፣ መነጽር ገዝተው ነው ትክክለኛው ሐኪም ጋ የሚደርሱት።

ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ደም ትሰጣለች። ውጤቱ «ታይፎይድ» ይላል። ብዙ ቦታ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ በሽታው በሚዘወተርበት አገር አሳሳች መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ ድሮ የያዛችሁ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለባችሁ ቢሆንም «አለ» ሊል ይችላል። አንቲባዮቲክ ጨርሳ ሕመሙ እንዳለ ይቀጥላል። ከዚያ የዲክሎፌናክ መርፌ ትወጋለች። ትንሽ ቀለል ይላት ይሆናል፤ አይጠፋም። ካርዷ ላይ «ማስታገሻ አልረዳትም» ተብሎ ይጻፋል። ያን ቀን ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ፣ ከዲክሎፌናኩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ኢንዶሜታሲን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ለሪህ ሲታዘዝ የኖረ፣ ብዙ ዋጋም የማያወጣ መድኃኒት ነው።

የጎደለው መድኃኒቱ አይደለም እንግዲህ። የጎደለው «ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው? ሲብስ ዓይንሽ ምን ይሆናል? ጨርሶ የሚለቅሽ ሰዓት አለ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሦስት ጥያቄ። ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ትምህርት ውጭ አገር መሄድ ነበረባችሁ። በአንድ ጠዋት ብዙ ሕመምተኛ የሚያይ ጤና መኮንን ይህን ብርቅ ሕመም በዕድሜው አንዴ ያየው ወይም ጭራሽ አያየው ይሆናል። ቋንቋም አለ። የአዊ እናት ሕመሟን በአውንጊ ታስባለች፣ በአማርኛ ትናገራለች፣ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። «ራሴን» የሚለው ካርዱ ላይ ሲደርስ «ራስ ምታት» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ቀኝ የሚለው መንገድ ላይ ይጠፋል።

አዊ ውስጥ ደግሞ ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ ከሰል። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለውን ግራር ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ የወረዳው ኑሮ በዚህ ተለውጧል። በብርድ ሌሊት በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራስ ያሳምማል፤ ይገድላልም። ግን የከሰል ራስ ምታት ራሱን ያጋልጣል፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያማል፣ ወገን አይመርጥም፣ ውጭ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ስታገኙ ይቀልላል። የልጅቷ ሕመም ግን ትምህርት ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ አውቶቡስ ውስጥም አብሯት አለ።

እንክብሉ ሲፈተን

እንበልና አንድ ሐኪም ጠየቃት። አዳመጣት። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ጽፎ ራሷን አስነሳ፤ ዕጢ ወይም የደም ሥር ችግር ተመሳሳይ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል ይህ መዘለል የለበትም። ምስሉ ንጹሕ ሆነ። አሁን ተራው የኢንዶሜታሲን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ለሪህ የሚታዘዘው ባለ 25 ሚሊግራም እንክብል በቀን ሁለት ሦስቴ ቢሰጥ ለዚህ ሕመም ላይበቃ ይችላል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 150 ሚሊግራም፣ ካስፈለገም እስከ 225 ድረስ መሞከር አለበት ይላል። ስለዚህ በትንሽ መጠን ተሞክሮ «አልሠራም» የተባለበት ሰው ገና አልተፈተነም። ሐኪሙ ከትንሽ ጀምሮ ቀን እየቆጠረ ይጨምራል። ሄሚክራኒያ ኮንቲንዋ ከሆነ ለወራት ያልለቀቀው ሕመም በቀናት ውስጥ ይጠፋል። «ቀለል አለኝ» አይደለም መልሱ፤ «የለም» ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቀለል ያለው ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

ይህን ያነበባችሁ ልጆች ፋርማሲ ሄዳችሁ እንዳትገዙት! ኢንዶሜታሲን ጨጓራን ያቆስላል፣ ያደማል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። በዚህ መጠን ሲሰጥ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መከላከያ አብሮ ይታዘዛል፣ ክትትልም ይፈልጋል። አንዳንዱ ሰው ሕመሙ ጠፍቶለት ጨጓራው እምቢ ይለዋል። ለእሱ ሌሎች አማራጮች ይሞከራሉ፤ አንዱ ሜላቶኒን ነው። ሜላቶኒን ማታ ማታ አንጎላችሁ ራሱ የሚሠራው የእንቅልፍ ሆርሞን ነው፤ ሞለኪዩሉን ብትስሉት መሐሉ ላይ ያለው ቀለበት ከኢንዶሜታሲን ቀለበት ጋር አንድ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችሁን «ኢንዶል» ምን እንደሆነ ጠይቁ። አማራጮቹ ግን እንደ ዋናው አስተማማኝ አይደሉም።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ አለ። ድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ሕመም፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ እጅ ወይም እግር ያሰነፈ፣ ወይም ራስ ላይ ከተመታችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ለቀሪው ግን አንድ ደብተር ይበቃል። እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም ጓደኛችሁ «ራሴን» ካለች በአንድ መስመር ቀኑን ጻፉ፣ በሁለተኛው ወገኑን፣ በሦስተኛው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ በአራተኛው ዓይኗና አፍንጫዋ ምን እንደሆነ፣ በመጨረሻው የወሰደችውን ኪኒን። ሕመሙ በብዛት ወገን ሲቀያይር፣ ሲመጣና ሲሄድ ታያላችሁ፤ ያ ማይግሬን ወይም የተለመደው ራስ ምታት ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሕክምና አለው። የወር መዝገብ ይዞ እንጅባራ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የሚሰለፍ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ታሪኩን ከዜሮ አይጀምርም። አንዳንዴ ደግሞ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ይሆናል፤ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ።